ገመድ ያልነካው በሬ

ጥር 6

ብርድ። ውሃው ጀሪካን ውስጥ ድንጋይ ሆኖ አደረ። በመጥረቢያ ሰባብሬ ድስት ውስጥ ከተትኩት። ሉንዱፕ ብርድ ልብሱ ውስጥ እንደተጠቀለለ፣ «ሴትዮ፣ ሻይ ነው የምታፈዪው ወይስ ቤት ልትገነቢ ነው?» ይለኛል። ባል ተብዬው! ተነስቶ ቢሰብርልኝ ምን ነበረበት?

ፍየሎቹ ደህና ናቸው። ሆዳቸው ወደ ጎን ተነፍቷል፣ የካቲት ሲገባ ይወልዳሉ። ያኔ ድንኳኑ የእኛ መሆኑ ቀርቶ የግልገሎቹ ይሆናል።

በሬያችን ቦቃው ዛሬም ደጃፍ መጥቶ ከልጄ ከሪንቸን እጅ በሶ ላሰ። ስትስቅ ሳል ያዛት። ትንሽ ነው... ብርዱ ነው። ብርዱ መሆን አለበት።

አምና በዚህ ሰሞን ነበር። መተንፈስ አቅቷት፣ ከንፈሯ ሲጠቁር። መነኩሴው ላማ መጥተው፣ «አንድ ነፍስ ፍቱላት» አሉ። ሊታረድ የደረሰ ወይፈን ነበረን፣ ያክ የሚባለው የተራራ በሬ፣ ጠጉሩ መሬት የሚጠርግ፣ ግንባሩ ነጭ። እሱን ፈታንላት። ጆሮውን በስተን ቀይ ክር አሰርንለት። ቃል ገባን። ገመድ አንገቱን አይነካውም፣ ጭነት አይጫንም፣ ዱላ አያርፍበትም፣ በራሱ ቀን እስኪሞት ድረስ ቢላ አያየውም። በሳምንቱ ልጄ ሾርባ ጠየቀች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስወጣ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው። ቆሞ ካየሁት ልጄም ደህና ናት። የሉንዱፕ እናት አማ-ሌ ይህን ነገሬን አይወዱትም። «ነፍስ አዳንን፣ ጽድቅ ነው፣ አበቃ። የልጅቷን ዕድሜ የበሬ ጭራ ላይ አትቋጥሪው» ይሉኛል። እሳቸው ልበ ሙሉ ናቸው። እኔ ፈሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ጥር 9

የድንበር ጠባቂው የሕንድ ጦር ሜጀር በጂፕ መጣ። የሰፈራችን ሹም ጎባ ታርጋይስ ሁላችንንም ሜዳው ላይ ሰበሰቡን። ሜጀሩ የቆላ ሰው ነው፣ ከንፈሩ በብርዱ ተሰነጣጥቆ ሲያዩት ያሳዝናል። በሂንዲ ይናገራል፣ አስር አለቃ ጃምፔል ይተረጉማል። እኔ ከሂንዲው የሚገባኝ ግማሹ ነው።

«ከጥቁሩ ቋጥኝ ወዲያ ሰውም ሆነ እንስሳ እንዳያልፍ። ቻይናዎቹ ተጠግተዋል። እንስሶቻችሁን እሰሩ።»

አማ-ሌ ብድግ አሉ። «ከቋጥኙ ወዲያ ያለው እኮ የብርድ ጊዜ ግጦሻችን ነው። ፍየሎቹ ምን ይብሉ? ጋዜጣ?»

ሰው ሳቀ። ሜጀሩ አልሳቀም። ጎባ ታርጋይስ ነገሩን ሊያበርዱ፣ «ምን ይደረጋል፣ ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው» አሉ።

«የቱ ሳር?» አሉ አማ-ሌ።

ሰው ሲበተን ጃምፔል ቦቃውን አየና ጓንቱን አወለቀ። ጆሮውን ዳሰሰ፣ ግንባሩን በግንባሩ ነካ። ቲቤታዊ ነው፣ የስደተኛ ልጅ። የተወለደው ደቡብ፣ ሰፈራ ጣቢያ ውስጥ ነው። «ቀይ ብቻ ነው የምታስሩት አቼ-ሌ?» አለኝ፣ እህት ዓለም እንደ ማለት። «አያቴ አገር ቢጫም ይጨምራሉ።» አያቱ ከተራራው ወዲያ በእግራቸው የመጡ ናቸው።

«አገሩን አይተኸው ታውቃለህ?»

«በየቀኑ» አለኝ። «በጦር ሜዳ መነጽር።»

ቦቃውን እሰሩ ቢሉን ምን እንላለን? ቃል አለብን። እንዳያነሱት ብዬ ዝም አልኩ።

ጥር 13

በረዶ። ድሮን ከላያችን ስትዞር ዋለች። የእኛ ትሁን የእነሱ ማን ያውቃል? ያንን የንብ ድምጿን ስሰማ ሪንቸንን ጎትቼ አስገባኋት፣ የድንኳኑን በር ዘጋሁ። ድንኳን ምን ሊያስጥል! ሉንዱፕ ሳቀብኝ። «ፈሪ ለእናቱ ይባላል፣ አንቺ ግን ለእኔ እናት ተረፍሽ!» እኔም ሳቅሁ። በሩን ግን አልከፈትኩም።

ሬዲዮው፣ ዴልሂ እንዲህ አለች፣ ቤይጂንግ እንዲህ መለሰች... ስለዚህ ተራራ ያን ሁሉ ሲያወሩ ሰው እንዳለበት አንድ ጊዜ እንኳ አላነሱም።

ጥር 17

ቦቃው የለም።

ጠዋት ወጣሁ፣ የለም። ከድንጋዩ በረት ጀርባ፣ ከምንጩ አጠገብ... የለም። ዱካው በረዶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወደ ጥቁሩ ቋጥኝ ሄዶ፣ እሱንም አልፎ። የተወለደበት ግጦሽ ወዲያ ነው። ሳሩ ትዝ አለው፣ ሄደ። ማን ይከልክለው? አንከለክለውም ብለን የማልነው እኛው ነን።

ሪንቸን ትኩሳት አላት። ዛሬ! በዛሬው ቀን!

«ሂድና መልሰው» አልኩት ሉንዱፕን።

«ሰውዬው ያለውን አልሰማሽም?»

«ልጅህ እየነደደች ነው!»

«ኩንዜስ፣ ጉንፋን ነው።»

«አምናም ጉንፋን ነው ብለህ ነበር።»

ተነስቶ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። ይህን ማለት አልነበረብኝም... አማ-ሌ መቁጠሪያቸውን አቁመው፣ «በእግሩ የሄደ በሬ በእግሩ ይመጣል። ልጄን በበሬ አትለውጪብኝ» አሉኝ። ጆሮዬን ፍርሃት ደፍኖት ነበር፣ አልሰማኋቸውም። ሉንዱፕ በሶ ቋጠረ፣ ጨው በከረጢት ያዘ። ገመድ አይሆን፣ ጨው እያላሰ ሊመልሰው። «ከመጨለሙ በፊት ተመልሼ ሻይሽን እጠጣለሁ» ብሎ ወጣ።

መሸ። ሻዩ እሳቱ ዳር ተቀምጧል።

ጥር 18

አልመጣም።

ጥር 19

ጃምፔል በእግሩ መጣ።

«በሕይወት አለ» አለ ገና ከሩቅ። ደግ ሰው ነው፣ መጀመሪያ ምን ማለት እንዳለበት አወቀ። ከዚያ ሌላውን ነገረኝ። በመነጽር አይተውታል። ሉንዱፕ ሸለቆው ውስጥ ቆሞ ጨው እያሳየ ቦቃውን ሲጠራ፣ የቻይና ወታደሮች ከበቡት። እጁን ወደ ላይ አነሳ። ወሰዱት። ቦቃው እዚያው ቆሞ ያመነዥክ ነበር አለኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። አማ-ሌ እያዩኝ ነው... አያዩኝም? አላውቅም። ቀና ማለት ፈራሁ።

ጥር 20

ሜጀሩ አስጠራኝ። ክፍሉ ምድጃ ነበረው፣ ሙቀቱ ይበልጥ አስጨነቀኝ።

«ባልሽ ድንበር ለምን አለፈ?»

«በሬ ሊመልስ።»

«በሬው ለምን አልታሰረም?»

«አይታሰርም።»

«ለምን?»

ምን ልበለው? የልጄ ዕድሜ ነው ልበለው? አልኩት። ጃምፔል ሲተረጉመው ድምፁ ዝቅ አለ። ሜጀሩ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። «እኔ ታዲያ ለአለቃዬ ምን ብዬ ልጻፍ? በነፃ የተለቀቀ በሬ ድንበር ጣሰ?» አልተቆጣም። የደከመው ሰው ነው። ልወጣ ስል ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ እስካሁን ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል።

«ባልሽ ከወዲያ የሚያውቀው ሰው አለ?»

የለም አልኩ። አለ እንዴ? የአባቱ ዘመዶች ድሮ ወዲያ ነበሩ፣ ጨውና ገብስ ሲለዋወጡ፣ መስመር የሚባል ነገር ሳይኖር። ይህ ማወቅ ይባላል? የለም አልኩ።

ጥር 23

እህል አይወርድልኝም። ጎረቤቴ ፓልሞ የደረቀ አይብ ይዛ መጣች። ወሬም ይዛ።

«የያዙትን ሰው ዓመትም ያቆያሉ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ። ሰላይ ነው ብለውታል አሉ። የበሬው ጆሮ ላይ ያለው ክር ምልክት ነው ብለው...»

አማ-ሌ ከጥግ ሆነው፣ «ፓልሞ፣ አይብሽን ትተሽ ወሬሽን ይዘሽ ሂጂ» አሏት። ሄደች። ወሬዋ ግን ቀረ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ሲጮህ ዋለ።

ምን ያበሉት ይሆን? የግራ ጫማው ተቀዷል። ልሰፋለት ነበር እኮ። ነገ ነገ እያልኩ...

ጥር 26

ሪንቸንን ትኩሳቱ ለቀቃት። ገንፎ በላች። «አባ-ሌ የት ሄደ?» አለችኝ።

«ቦቃውን ሊያመጣ።»

«ቦቃው መንገዱን አያውቅም እንዴ?»

ዳነች... ቦቃው ግን የለም። ታርዶም ይሆናል። ልጄ ግን ይኸው ገንፎ በላች፣ ማንኪያዋን ላሰች። ታዲያ ሉንዱፕን ምን ብዬ ነው የላክሁት? ምን ብዬ?

አማ-ሌ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ማታ ብርድ ልብሳቸውን አንስተው እኔ ላይ ደረቡት።

የካቲት 1

የመጀመሪያዋ ፍየል ወለደች። መንታ። አንዱን ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ ሳሞቀው እጄ ላይ ሞተ። ይህ የሉንዱፕ ሥራ ነበር፣ አፍንጫውን መጥጦ እስትንፋስ ይመልስላቸው ነበር። እኔ አልሆነልኝም። እናቲቱ ወተት የላትም፣ ሳር ሳይበሉ ወተት ከየት ይመጣል? ከራሳችን ገብስ እየቀነስን ለፍየል እንሰጣለን።

ከሰዓት ተኩስ ሰማሁ። ወይስ ሐይቁ ላይ በረዶው ተሰንጥቆ ነው? ሐይቁ ብርድ ሲጠናበት እንዲያ ይጮኻል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ድምፅ ነው። ዛሬ ግን ሪንቸንን ከሥሬ አድርጌ መሬት ላይ ተደፋሁ። «እማ፣ ከበድሽኝ» አለችኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። እኔ ያልፈራሁት ምን አለ? ሁሉም ሊደርስብኝ ነው ማለት ነው?

የካቲት 4

ጎባ ታርጋይስ በዚያ ዕድሜያቸው እየሮጡ መጡ። ሁለቱ ጦሮች ነገ ባንዲራ ተክለው ሊነጋገሩ ነው። የሚነጋገሩት ስለ ብዙ ነገር ነው አሉ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ምሽግ፣ ስለ ድሮን። የሉንዱፕ ነገር መጨረሻ ላይ ነው።

«አለ ግን?»

«አለ።»

ሳይደርሱበት ቢመሽባቸውስ? መንገዱ ላይ ተጣልተው ቢነሱስ? አንድ ሰው ለእነሱ ምናቸው ነው...

የካቲት 5

መጣ።

የካቲት 6

ትናንት ከዚያች ቃል በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ከጂፑ ሲወርድ አላወቅሁትም። የሰው ካፖርት ለብሷል፣ ጢሙ አድጓል፣ የግራ እግሩ ጣቶች ጠቁረዋል። ያ የተቀደደ ጫማ! አማ-ሌ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው እያገላበጡ አዩት። «ከሳህ» አሉ፣ በቃ። እኔ ደግሞ «ሻይህ ቀዘቀዘ» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

እዚህም የእኛዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲጠይቁት ነው የዋለው። ምን አየህ፣ ስንት መኪና አለ፣ ምን አሉህ። «ሁለቱም ወገን የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው» አለኝ። «ወዲያ ማንን ታውቃለህ።»

የካቲት 8

ኩበት ልንለቅም ወጥተን ብቻችንን ስንሆን ነገረኝ።

አልመቱትም። ሩዝ ሰጡት። ግን ያንኑ ጥያቄ በጠዋት፣ ያንኑ ጥያቄ በምሳ... ከጠባቂዎቹ አንዱ ቲቤታዊ ነበር፣ የእነሱን ልብስ የለበሰ፣ በቻይንኛ የሚጮህበት። ሉንዱፕ ከሁሉም በላይ የፈራው እሱን ነበር። አንድ ቀን ያ ሰው ውሃ ይዞ ብቻውን ገባ። በእኛው ቋንቋ፣ በሹክሹክታ፣

«በሬው የማን ነፍስ ነው?»

«የልጄ።»

«ስሟ?»

«ሪንቸን።»

እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበ። ክንዱ ላይ የተባረከች ቢጫ ክር ደብቆ አስሯል። ነካት፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ መልሶ ሸፈናት። ከዚያ በሩን በኃይል እየዘጋ በቻይንኛ ተሳደበ።

«ለሜጀሩ ነገርከው?» አልኩት።

«አበድሽ? ወታደር ሆኖ ክር ማሰር፣ ከተያዘ ሰው ጋር መንሾካሾክ... በባንዲራው ስብሰባ አንድ ቃል ብታመልጥ ሰውዬው አለቀለት።»

ስሙን አልጠየቀውም። እንኳን አልጠየቀው። አሁን እኔም አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ሳላውቅ ብቀር ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 14

ቦቃው!!

ጠዋት ወጣሁ፣ ቆሟል። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ። ጭራሽ ደልቦ! እኛ ገብስ ስንቆጥብ እሱ የአባቶቹን ሳር ሲግጥ ከርሟል። ሪንቸን ኮፍያዋን ሳታደርግ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ዳሰስኩት። የገመድ ሰንበር የለበትም። ነጩ ግንባሩ ላይ ቅቤ ተቀብቷል። ቀኝ ጆሮው ላይ ደግሞ፣ ከቀዩ ክር አጠገብ፣ ቢጫ ክር።

ሉንዱፕ ክሩን በጣቱ ይዞ አገላበጠው።

«እሷ ናት» አለኝ። «የክንዱ።»

ያ ሰው ፈትቶ ሰጠን ማለት ነው። ለእኔ ልጅ። አይቷት ለማያውቃት።

ማንም ሳያየው ቢጫውን ልቁረጠው ብዬ መቀስ አነሳሁ። በፍርሃት ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። እጄ እምቢ አለኝ። መቀሱን መለስኩት።

የካቲት 15

ቦቃው ሲመለስ በመነጽር አይተውታል። ሜጀሩና ጃምፔል ጠዋቱን መጡ። ሜጀሩ ቦቃውን ዞሮ ዞሮ አየው፣ ጆሮውን ያዘ።

«ባልሽ ክሩ ቀይ ነው ብሎኝ ነበር። ቢጫውን ማን አሰረው?»

ሉንዱፕን አየሁት። ውሸት አያውቅበትም ባሌ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። አፉን ሲከፍት...

«እኔ» አልኩ።

«መቼ?»

«ትናንት። ሲመለስ።»

«ለምን?»

«ባሌ ስለመጣልኝ። የምስጋና ነው።»

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት! ድሮን ስትጮህ በር የምዘጋው እኔ። ድምፄ እንኳ አልከዳኝም።

ሜጀሩ ወደ ጃምፔል ዞረ። ጃምፔል ጓንቱን አወለቀ። ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው፣ ግንባሩ ላይ ያለውን ቅቤ አሸተተ። ያውቃል። አያቴ አገር ቢጫ ይጨምራሉ ያለኝ ራሱ ነው። እኔን አየኝ። ከዚያ ተራራውን አየ፣ በባዶ ዓይኑ። አንድ ቃል ቢናገር ሁላችንም ጠፍተናል፣ ያም ሰው፣ እኛም።

«እሷ ናት ያሰረችው ጌታዬ» አለ በሂንዲ። ለዚህ ለዚህ ሂንዲዬ ይበቃል። «የአገሩ ልማድ ነው።»

ሜጀሩ ጻፈ። ሲጨርስ ግን፣ «እንግዲህ ወይ እሰሩት፣ ወይ ከዚህ ራቁ። ሌላ ሰው ከእነሱ እጅ መለመን አልችልም» አለ። እውነቱን ነው። እኔ፣ የበሬ ጭራ ላይ አትቋጥሪው ያሉኝ አማ-ሌ፣ «እሰሩት» ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ቃል ነው» አሉ አማ-ሌ። «አናስረውም። እንሄዳለን።»

የካቲት 17

ድንኳኑን ነቅለን ወደ ታች ወረድን፣ ጥርጊያ መንገዱ ዳር። ሳር የለም። በጭነት መኪና የሚመጣ ድርቆሽ እንጠብቃለን። የብርድ ጊዜ ግጦሻችን ቀረ፣ እነሱም እኛም ከብት አናሰማራበትም። ቦቃው አብሮን እስከ ግማሽ መጣና ቆመ። ማንም አልጠራውም። ቢፈልግ ይመጣል፣ ባይፈልግ ይቀራል።

ከሰዓት ሪንቸን ሳለች። ግንባሯን ዳሰስኩ፣ ሙቅ ውሃ በቅቤ አጠጣኋት፣ ጀርባዋን አሸሁላት። ተኝታ ካየኋት በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፣ ቦቃው የት እንዳለ አላየሁም።

ፍርሃቱ ለቆኛል አልልም። አሁን ደግሞ ፊቱን ለማላውቀው ሰው ነው የምፈራው። ክሩን ሲያስር ያየው ይኖር ይሆን? ቅቤውንስ ከየት አገኘው? በየቀኑ ይህን ሳሰላስል ልኖር ነው።

ሲመሻሽ አማ-ሌ የቅቤ መብራቶቹን እያበሩ ስማችንን አንድ በአንድ ጠሩ። የሉንዱፕን፣ የእኔን፣ የሪንቸንን፣ የጃምፔልን ሳይቀር። ከዚያ ክብሪቱን እንደያዙ ቆም አሉ። ሉንዱፕ ነግሯቸዋል ለካ።

«የዚያ ልጅ ስሙ ማነው?»

«አናውቀውም አማ-ሌ» አልኩ።

«እናቱ ታውቀዋለች» አሉና አበሩለት።